የመርፌ ናሙና ጥራት በሐኪሙ የሥራ ዘመን ብቻ አይለካም፦ ሰሞኑን ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር የሰነበተ፣ በተለይም በሐረርና በድሬዳዋ ሰዎች ዘንድ በብዛት የተነበበ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያነሣው በመርፌ ስለሚወሰድ ናሙና ነው፤ ይኸውም በአንገት፣ በጡት፣ በብብት ወይም በሌላ የሰውነት ክፍል የወጣ እብጠት ምንነቱ እንዲታወቅ ተወግቶ ሴሎች የሚወሰዱበት፣ ብዙ ሰው ኤፍኤንኤ ወይም ባዮፕሲ እያለ የሚጠራው ምርመራ ነው። ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የቀረበ ሲሆን፣ ጸሐፊው ለመጻፍ የተነሡት ከቤተሰባቸው አንድ ሰው ተደጋግሞ ተወግቶ መልስ በማጣቱ መሆኑን ገልጸዋል። ቅሬታቸው እውነተኛ ስለመሆኑ አልጠራጠርም። ከቅሬታቸው ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን ታካሚን ለጉዳት የሚዳርግ መስሎ ስለታየኝ፣ ሐረር ላይ በፓቶሎጂ፣ ማለትም ናሙናን በማይክሮስኮፕ እየመረመረ የበሽታን ምንነት በሚለየው ሙያ፣ የምሠራ ሰው እንደመሆኔ ነጥብ በነጥብ መመለስን መርጫለሁ።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። የናሙናው ጥራት የሚወሰነው በወጊው ሐኪም የሥራ ዘመን ስለሆነ ታካሚው ከሁሉ በፊት የሐኪሙን የአገልግሎት ዓመት ይጠይቅ ይላሉ። በማስተማሪያ ሆስፒታል ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም፣ ሊወጋ ከመጣ አልፈቅድም ማለት ተገቢ ነው፤ ናሙናው በቂ አይደለም የሚል ውጤት መምጣቱም የወጊውን አለመቻል ያረጋግጣል ይላሉ። ቀጭኑ መርፌ አቅም ላነሰው አገር የተተወ ምርመራ በመሆኑ ሰው ወፍራሙን ይጠይቅ፣ ያልበሰለ እጅ ካንሰርን ያሰራጫል፣ ስለዚህም እብጠት ያገኘ ሰው እዚህ ሳይነካ በቀጥታ አዲስ አበባ ይሂድ የሚለው መደምደሚያቸው ነው።

የወጊው እጅ ለውጥ ያመጣል በሚለው መነሻ ላይ ከጸሐፊው ጋር ክርክር የለኝም። እንዲያውም እርሳቸው ካሉት በላይ ለውጥ ያመጣል። የማልስማማው ልምድን በዓመት በመቁጠራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሳን ፍራንሲስኮ የወጣ በሙያው የታወቀ አንድ ጥናት፣ በእጅ በሚዳሰሱ የጡት እብጠቶች ላይ በቀጭን መርፌ የተወሰዱ ናሙናዎችን ወጊው ማን እንደነበረ እየለየ አነጻጽሯል። አወሳሰዱን በሥርዓት የተማሩት ሐኪሞች ሳያገኙት የቀሩት ካንሰር 2 በመቶ ሲሆን፣ ሥልጠናውን ያልወሰዱት ግን 25 በመቶውን ስተዋል። ሁለቱም ወገኖች ሐኪሞች ናቸው። ጥናቱ የለያቸው ቴክኒኩን ከሚያውቅ ሰው ሥር ሆነው በመማር አለመማራቸው እንጂ በሽበታቸው አልነበረም። ጸሐፊው የሚመክሩትን የዓመት ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ታካሚ ሁለቱን ወገኖች መለየት ባልቻለ ነበር፤ ሳይማር ሃያ ዓመት የወጋ ሐኪምም ለጥያቄው የሚመልሰው ያው ሃያ ዓመት ነውና።

ምክንያቱ የሚገባው ሥራውን ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው ነው። መርፌው ቆዳን ማለፉ ቀላሉ ክፍል ነው። እብጠቱ በግራ እጅ ሁለት ጣቶች መካከል ተይዞ እንዳይንሸራተት ይደረጋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 25 ጌጅ የሆነው (ጌጅ የመርፌ ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መርፌው ይቀጥናል) ቀጭን መርፌ ከገባ በኋላ ሳይወጣ በፍጥነት ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል፤ ሴሎቹን ከቦታቸው የሚያላቅቃቸው ይህ ምልልስ ነው። ብዙ ጀማሪ ግን ሥራውን የሚሠራው የሲሪንጁ ስበት እየመሰለው መጎተቻውን እስከ መጨረሻው ስቦ መርፌውን አንድ ቦታ ላይ ያቆመዋል። ከዚያም ስበቱን ሳይለቅ መርፌውን ሲነቅል በመርፌው ቀዳዳ ውስጥ መቅረት የነበረባት ጥቂት ናሙና ሲሪንጁ ውስጥ ተረጭታ ትቀራለች፤ እርሷን ከግድግዳው ላይ ጠርጎ ማውጣት አይቻልም። እንቅርት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዕጢው ደም የበዛበት ስለሆነ ስበቱ በበረታ ቁጥር የሚመጣው ደም ብቻ ይሆናል። እዚያ ላይ የተማረ እጅ ሲሪንጁን ጨርሶ ትቶ ባዶውን መርፌ በጣቶቹ ይይዝና ሴሎቹ በራሳቸው ወደ መርፌው እንዲገቡ ያደርጋል፤ በመርፌው አንገት ላይ ደም ብቅ ሲል ደግሞ ወዲያው ይነቅላል።

ናሙናው ከወጣም በኋላ ቢሆን ሥራው አላለቀም። ጠብታው ስላይድ በሚባለው ስስ የመስተዋት ቁራጭ ላይ ይወርድና በሌላ ስላይድ አንድ ጊዜ በልኩ ተዘርግቶ ይቀባል፤ ወፍሮ ከተቀባ ሴሎቹ ይደራረባሉ፣ በኃይል ከተጫነ ደግሞ ይደቅቃሉ። በአልኮል የሚጠበቀው ስላይድ እርጥብ ሳለ መግባት አለበት። ይህች ነጥብ እኛ አካባቢ የተለየ ትርጉም አላት። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ እኩለ ቀን ላይ፣ በላይዋም ማራገቢያ በሚዞርባት ክፍል ውስጥ፣ በስሱ የተቀባ ስላይድ አልኮሉ ክዳኑ እስኪከፈት ድረስ እንኳ ሳይቆይ ይደርቃል። ሳይታሰብ የደረቀ ስላይድ ላይ የሴሉ አስኳል ያብጣል፣ ዝርዝሩም ይደበዝዛል፤ ንባቡ ከዚያ በኋላ የግምት ሥራ ይሆናል። ስለዚህ እዚያ የሚሠራ ጠንቃቃ ሰው መርፌውን ከማንሣቱ በፊት ማራገቢያውን ያጠፋል፣ አልኮሉንም ከፍቶ እጁ ሥር ያኖራል። የታካሚውን ስም በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ የሚጽፈውም የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ታጥቦ ስለሚጠፋ ነው። ይህን ሁሉ በቅጡ የለመደ ሰው ሁለት ዓመት ብቻ ሠርቶ ሊሆን ይችላል።

ይህን ጥንቃቄ የሚያስተምረው ዋነኛ መምህር ማይክሮስኮፑ ነው። በአገራችን በብዙ ሆስፒታሎች በቀጭን መርፌ የሚወጋውም ስላይዱን የሚያነበውም ያው ፓቶሎጂስቱ ወይም በእርሱ ሥር የሚሠራው ሬዚደንት ነው፤ ይህ አሠራር የሰው ኃይል በማነሱ የመጣ ቢመስልም ትልቅ ጥቅም አለው። ጠዋት የወጋው ሰው በዚያው ቀን ስላይዱ ላይ ደም ብቻ ሲያይ የበደለው ራሱ እጁ እንደሆነ ይገባዋል፤ በማግሥቱ አያያዙን ይለውጣል። ከዚህ በተቃራኒ እብጠት ወግቶ ስላይዱን ጠቅልሎ በሌላ ሰው እጅ ወደ ሩቅ ላብራቶሪ የሚልክ፣ ከሳምንት በኋላም አንድ መስመር ውጤት ብቻ የሚደርሰው ሐኪም፣ ናሙናው ለምን እንደተበላሸ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እንዲህ ያለው ሰው ዓመት በጨመረ ቁጥር የሚበረታበት በራሱ መተማመኑ ነው፤ እጁ ግን ባለበት ይቆያል። መንጃ ፈቃዱን በልጅነቱ አውጥቶ መኪናውን በዓመት ሁለቴ ከሚያስነሣ ሰው ይልቅ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ያለውን የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ በየቀኑ የሚወጣና የሚወርድ ሾፌር እንደሚታመን ሁሉ፣ እዚህም የሚጠየቀው በቅርብ ጊዜ፣ በዚህ ዓይነቱ እብጠት ላይ፣ ምን ያህል አዘውትሮ ይሠራል የሚለው ነው።

ሬዚደንትን አልፈቅድም ማለት ይገባል የሚለው ምክር ከዚሁ ስሕተት የሚወለድ ነው። እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጣቸው ነገር አለ፦ ታካሚ የሚወጋው ማን እንደሆነ የማወቅ፣ አልፈልግም የማለትም መብት አለው፤ ሥራውን በጀመረበት ሳምንት ላይ ያለ ሬዚደንት ከጎኑ የሚያየው ሲኒየር ሳይኖር አንድን ሰው ብቻውን መውጋቱም ትክክል አይደለም፤ እንዲህ የሚደረግበት ቦታ ካለ ወቀሳው ይገባዋል። ይሁን እንጂ በማስተማሪያ ተቋም በፓቶሎጂ የሚሠለጥን ሬዚደንት በኤፍኤንኤ ክፍል ተመድቦ ከሳምንት ሳምንት መርፌ ይዞ የሚውል ነው። በሌላ ሙያ አንቱ የተባለ፣ እብጠት ግን አልፎ አልፎ ብቻ የሚወጋ ሐኪም ከዚህ ሬዚደንት የተሻለ ናሙና ያመጣል ብሎ የሚወራረድ ሰው ገንዘቡን ቢያስብበት ይሻላል። ሬዚደንቱ የወጋውን ሲኒየሩ ያየዋል፤ ስላይዱ ካላማረ ታካሚው ሳይሄድ ራሱ ይወጋል። በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ጥንድ ዓይን መኖሩ ለታካሚው ጉዳት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ፤ ናሙናው በቂ አይደለም የሚለው ውጤት። ጸሐፊውን ያስቆጣቸው ይህ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ከሐረርጌ ገጠር ተነሥቶ፣ አንድ ቀን ሙሉ ወረፋ ጠብቆ፣ ተወግቶ፣ ከፍሎ፣ በመጨረሻ ይህን ዐረፍተ ነገር የሚቀበል ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዐረፍተ ነገሩ ምን እንደሚል እንመልከት። ለምሳሌ በእንቅርት ናሙና ላይ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ቤቴስዳ የሚባል የአዘጋገብ ሥርዓት አለ። በዚህ ሥርዓት አንድ ናሙና በቂ የሚባለው በደንብ የሚታዩ ቢያንስ 6 የዕጢው ሴሎች ስብስብ ሲገኝበትና እያንዳንዱም ስብስብ ቢያንስ 10 ሴል ሲኖረው ነው። ከዚያ በታች ሆኖ ሳለ ጤነኛ ነህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ታካሚውን ደስ ያሰኘዋል፤ ካንሰር ይዞት ከሆነ ግን ለወራት አዘናግቶ ይሸኘዋል። በቂ አይደለም የሚለው ውጤት አንባቢው ያላየውን አየሁ አለማለቱ ነው።

በቂ ያልሆነ ናሙና በሠለጠነ እጅም ይመጣል። ውሃ የቋጠረ እብጠት ሲወጋ ፈሳሹ ይወጣና ሴል አይገኝበትም። በጠባሳ የተሞላ ደረቅ እብጠት ሴሎቹን አይለቅም። በዕድሜ ብዛት የጠጠረ እንቅርት መርፌውን ይመልሳል፤ ዕድሜ ልኩን አብሮት ከኖረ ትልቅ እንቅርት ደግሞ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ደም ነው። ዘመናዊ መሣሪያና የበሰለ ባለሙያ ባለባቸው አገሮች እንኳ ከእንቅርት ናሙናዎች የተወሰነው መቶኛ ዘወትር ከዚህ ምድብ ይገባል፤ ሥርዓቱም ቁጥሩ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል እንጂ ዜሮ ይሁን አይልም፤ እርሱም ቢሆን ውሃ ብቻ የወጣባቸውን ሳይቆጥር ነው። እንዲያውም በቂ አይደለም የሚል ውጤት ጨርሶ ወጥቶበት የማያውቅ የምርመራ ቤት ቢገጥመኝ እኔ በበኩሌ የምጠረጥረው እርሱን ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ የጸሐፊው ጥርጣሬ ቦታ የሚያገኝበትን ሁኔታ መካድ አይገባኝም። በአንድ የምርመራ ቤት በቂ ያልሆኑ ናሙናዎች ቁጥር ከወር እስከ ወር ከልክ በላይ ከፍ ካለ ችግሩ እብጠቶቹ ላይ ሳይሆን እጅ ላይ ወይም አቀባቡ ላይ ነው፤ ያም በየወጊው ተለይቶ መቆጠር አለበት። ቁጥሩን በብዙ ቦታ በእርግጥ የሚቀንሰው መፍትሔ ደግሞ ቀላል ነው፦ ታካሚው ገና አልጋው ላይ ሳለ አንዱን ስላይድ በፍጥነት ቀለም አልብሶ በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ሴል ካልተገኘ ደግሞ ያኔውኑ መድገም። የማይዳሰስ፣ ትንሽ ወይም ከፊሉ ውሃ የሆነ እብጠት ሲሆን መርፌውን በአልትራሳውንድ እየመሩ ጠጣሩን ክፍል መውጋት። መጀመሪያ በቂ ያልሆነው ናሙና ሲደገም አብዛኛውን ጊዜ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ የጸሐፊው ዘመድ መደገሙ ራሱ በደል አልነበረም፤ በደል የሚሆነው የተደገመው ለምን እንደሆነ ሳይነገረው ቀርቶ ከሆነ ነው።

ወፍራሙን መርፌ በሚመለከት ነገሩን አሳጥራለሁ። ወፍራሙ መርፌ ከሴል ይልቅ የሥጋ ቁራጭ ስለሚያወጣ በአንዳንድ ቦታ በእርግጥ ይበልጣል። የጡት ካንሰር ሲጠረጠር ሴሎቹ አካባቢያቸውን ጥሰው ስለመግባታቸው ቀጭኑ መርፌ መናገር አይችልም፤ ካንሰሩ ለሆርሞን መድኃኒት ምላሽ ይሰጥ እንደሆነ የሚጠቁመው የሆርሞን መቀበያ ምርመራም በቁራጩ ላይ ቢሠራ ይመረጣል፤ ለዚህ በተለምዶ ባለ 14 ጌጁ መርፌ ይያዛል። ከዚህ ተነሥቶ ግን ቀጭኑ የድሃ ምርመራ ነው ማለት አይቻልም። እኛ ዘንድ በየቀኑ ከሚመጡት እብጠቶች ብዙዎቹ የአንገት ንፍፊቶች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የዕጢ ቲቢ ሆነው ይገኛሉ። እዚያ ላይ በቀጭኑ መርፌ የወጣች ጥቂት መግል በስላይድ ታይታ፣ የቀረችው ደግሞ የቲቢን ጀርም በዘረመሉ ለሚለየው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ተልካ፣ ሕመምተኛው ሳይቀደድና ሳይሰፋ መድኃኒት ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጂን ኤክስፐርት ከንፍፊት በተወሰደ ናሙና ላይ እንዲሠራ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይመክራል። በሌላ በኩል ወፍራሙ መርፌ የእጅ ልምድን አያስቀርም፤ የኩላሊት ናሙና የሚወስድ ሰው አቅጣጫውን ስቶ ከውጨኛው ክፍል ይልቅ ውስጠኛውን ከወጋ፣ ቁራጩ የቱንም ያህል ቢረዝም ለምርመራው የሚፈለጉት ጥቃቅን የደም ማጣሪያዎች አይገኙበትም። ደም የማፍሰስ አደጋውም ከቀጭኑ ይልቃል። ልምድ ይበልጥ የሚያስፈልገው እንግዲህ ጸሐፊው መፍትሔ ባደረጉት መርፌ ላይ ነው።

ልምድ የማይፈታው ነገር መኖሩም ከጽሑፉ ቀርቷል። ከእንቅርት እብጠቶች መካከል ፎሊኩላር የሚባሉት ካንሰር መሆን አለመሆናቸው የሚለየው ዕጢው ሽፋኑን ጥሶ ወጥቷል ወይ በሚለው ነው፤ ሽፋኑ ደግሞ የሚታየው ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሲመረመር ነው። በዚህ ላይ የዓለም ምርጥ ወጊ ቢመጣ የሚያመጣቸው ሴሎች ይበዛሉ እንጂ መልሱ አይለወጥም። እንዲህ ያለ ያልተረጋገጠ ውጤት የያዘ ሰው የተሻለ ወጊ ፍለጋ ከቤት ቤት ቢዞር ጊዜውን ያጠፋል።

ያልበሰለ እጅ ካንሰርን ያሰራጫል የሚለው ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ነው፤ ሰዎችን ከምርመራ የሚያሸሽ ወሬ ስለሆነ። እውነት የሆነች ጥቂት ፍሬ አለችው። ሴሎች በመርፌው መንገድ ላይ የሚቀሩበት አጋጣሚ አለ፤ በጉበት ካንሰር ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ ከ100 ሰው ወደ 3 በሚጠጋው ላይ ተገኝቷል። በወንድ ዘር ፍሬ ላይ ያለ የካንሰር ጥርጣሬ በመርፌ የማይነካውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የአጥንትና የጡንቻ ካንሰር ሲጠረጠርም መርፌው የሚገባበትን መንገድ ወደፊት ቀዶ ሕክምናውን ከሚያደርገው ሐኪም ጋር አስቀድሞ መምከር ያስፈልጋል። እነዚህን ማወቅ የወጊው ግዴታ ነው። በአንገት፣ በእንቅርትና በጡት እብጠት ላይ በቀጭን መርፌ ሲወጋ ግን ይህ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው። እብጠቴን መርፌ ከነካው ይበተናል ብላ ቤቷ የተቀመጠች እናት ካንሰር ካለባት ካንሰሩ ያለ መርፌም ይሰራጫል፤ እርሱን የሚያቆመው ስሙ ታውቆ መታከሙ ነው።

የቀረው በቀጥታ አዲስ አበባ ሂዱ የሚለው ነው። አዲስ አበባ ከሐረርም ሆነ ከድሬዳዋ በመኪና መንገድ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይርቃል። ከጭሮ ወይም ከጅግጅጋ አቅጣጫ ለሚመጣ፣ ሥራውን ለሚያቆም፣ አብሮት የሚሄድ ዘመድ ለሚፈልግና ማደሪያ ለሚከራይ ሰው ጉዞው ለብዙ ሳምንታት የሚገፋ ይሆናል፤ አቅሙ የማይፈቅድለት ደግሞ ጨርሶ ይተወዋል። እዚያም ደርሶ የሚጀምረው ከዚሁ መርፌና ከዚሁ ስላይድ ነው። ጸሐፊው ልክ የሚሆኑበት ቦታ የለም አልልም፤ የሳምባ፣ የቆሽት ወይም የአጥንት ጥልቅ እብጠት፣ በሲቲ ስካን እየተመራ መወጋት የሚያስፈልገው፣ ሥራው አዘውትሮ ወደሚሠራበት ቦታ ቢላክ ይሻላል፤ ይህን የሚወስነው ግን የእብጠቱ ዓይነትና ቦታ ነው። የአንገት ንፍፊት ይዞ አውቶቡስ መሳፈር አያስፈልግም። ሪፈር የተባለ ሰው ቢሆን ደግሞ ባዶ እጁን አይሂድ፤ እዚህ የተሠራውን ስላይድ፣ የሰም ብሎክ (ናሙናው በሰም ውስጥ ተይዞ የተቀመጠበት) ካለም ብሎኩን፣ ከውጤት ወረቀቱና ከአልትራሳውንድ ሪፖርቱ ጋር ጠይቆ ይያዝ። እዚያ ያለው ፓቶሎጂስት ያንኑ ስላይድ ደግሞ ሲያነበው መልሱን የሚያገኝበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው መርፌ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል።